የወረታዋ ልጅ

«ዛሬ ነው» አለ አኒስ። «ከዙህር ሶላት በኋላ።»

ኑሰይባ ቢላዋዋን አቆመች። ግማሹ ቲማቲም ተከፍሎ ግማሹ በእጇ ቀረ።

አኒስ ከደጃፉ ቆሟል። ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ እሷም ግባ አትለውም። ከትከሻው በስተጀርባ ጣና ጠፍጣፋ ሆኖ ተኝቷል። ውሃው ዳር አባቷ አብዱልበሲጥ በጉልበቱ ደግፎ የታንኳውን ደንገል ያስራል፤ ገመዱን በጥርሱ ይዞ ሲስብ ከሩቅ ይታያል።

የአኒስ ወሬ አጭር ነበር። እናቱ እትዬ ሸሪፋ፣ ዓመት ሙሉ ከገበታቸው ያልጠፋውን የቲማቲም ዳጣ የምትሠራውን ልጅ ወደ ቤታቸው ጠርተዋል። ታናሽ እህቱን ሰሚሐን ሊያጩ የወንዱ ወገኖች ይመጣሉ። ዓሣ ይጠበሳል። ለእንግዳ ግን በጠርሙስ የመጣ ዳጣ አይቀርብም፤ ዐይኔ እያየ፣ ከማድ ቤቴ ይሠራ፣ ብለዋል።

ኑሰይባ ይህን ቀን ስትፈራው ኖራለች። አምና የደንገል ቅርጫት ልትሸጥ ወደ አኒስ ዓሣ ቤት በሄደች ጊዜ፣ ምሳዋን ከበሩ ጥግ ተቀምጣ ትበላ ነበር፤ ዳቦና በትንሽ ሳህን የያዘችው ዳጣ። አኒስ አየና አቅምሽኝ አላት። እሷ ሳህኑን ከመስጠቷ በፊት ፊቱን ተመለከተች፤ ማንን እንደ ጠየቀ አውቆ እንደ ሆነ ልታውቅ ፈልጋ። ያውቅ ነበር። ቅርጫቱንም፣ ሰፈሯንም፣ አባቷንም አይቶ ነበር። አውቆ ዳቦውን አጠቀሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ የዓሣ ቤቱ ዳጣ የእሷ ነው፤ ልቡም እንደዚያው።

እናቱ «የማን እጅ ነው?» ብለው በጠየቁት ጊዜ ግን «የአንዲት የወረታ ልጅ» ብሎ መለሰ። ወረታን የመረጠው ሩቅም ቅርብም ስላልሆነች ነው። ማንም ሄዶ አይጠይቅም፤ ማንም አይጠራጠርም ብሎ።

ኑሰይባ ነገደ ናት። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት፣ ከሐይቁ በቀር ርስት የሌላቸው የጣና ሰዎች ልጅ። እነሱም ይሰግዳሉ፣ ይጾማሉ፣ ልጆቻቸውንም በነቢዩ ዘመን ሰዎች ስም ይጠራሉ። ቢሆንም ከጥንት ጀምሮ የከተማው ሰው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ከእጃቸው አይበላም ነበር። ዛሬ ጊዜው ተለውጧል ይባላል። በአደባባይ ይባላል። በጓዳ የሚባለውን ኑሰይባ ታውቀዋለች።

«የወንዱ ወገኖች ከወዴት ናቸው?» አለች።

አኒስ ወደ ሐይቁ ዞረ።

«አኒስ።»

«ከወረታ።»

ወረታ የነጋዴ ከተማ ናት፤ የወረታ ሙስሊም እስከ ቅድመ አያቱ ይተዋወቃል። ለመንገደኛ «ወረታ ነኝ» ማለት ቀላል ነው። ለወረታ ሰው ግን ሁለተኛው ጥያቄ አይቀርም፤ የማን?

«ጓዳ ነው የምትውዪው» አለ አኒስ፣ ቶሎ ቶሎ። «እንግዶቹ ሳሎን ናቸው። ማንም አይጠይቅሽም።»

«ከጠየቁኝስ?»

«እኔ አለሁ።»

ዐይኑን ፈለገችው። አኒስ ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ፤ ያን ጊዜ ኑሰይባ ያልጠየቀችው ጥያቄ የተመለሰላት መሰላት። ያፍርብኛል፣ አለች በልቧ። ዳጣዬን ወደደ፣ እኔንም ወደደ፣ ስሜን ግን አልቻለውም።

ቁና ሙሉ ቲማቲም በዘንቢል ይዛ ስትወጣ አባቷ ወዴት ነው አላት። ነገረችው። አብዱልበሲጥ ገመዱን ከጥርሱ አውጥቶ ጥቂት አሰበ።

«የሚጠብሱት የቆሮሶ ዓሣ እኔ ያወጣሁት ሳይሆን አይቀርም» አለ። «ካየሽው ሰላም በይልኝ።»

ሳቀች። ሳቁ መንገዱን ሳታጋምስ አለቀባት፤ ፍርሃቱ ብቻ አብሯት እስከ እትዬ ሸሪፋ በር ሄደ።

*

ማድ ቤቱ ሰፊና ብርሃናም ነበር፤ መስኮቱ ከግቢው የማንጎ ዛፍ ፊት ለፊት። እትዬ ሸሪፋ ቆሮሶውን በጨውና በሎሚ እያሹ በዐይናቸው እሷን ይከታተሏታል። ሰሚሐ የሒና እጇን ከፊቷ ዘርግታ፣ ምንም አልነካም ብላ፣ ከበርጩማ ላይ ሁሉንም ታዛለች።

ኑሰይባ ሥራዋን ጀመረች። ሥራ ስትይዝ ፍርሃቷ ጥግ ይይዝላት ነበር፤ አይወጣም፣ ግን ይቀመጣል። ቲማቲሙን ከፍላ ዘሩን በጣቷ አወጣችና ሥጋውን በጥፍር ልክ ከተፈችው፤ ውሃውን በወንፊት አንጠፈጠፈች። ቀይ ሽንኩርቱን ከቲማቲሙ አሳንሳ ከትፋ፣ ንዴቱ እስኪበርድ የሎሚ ውሃ ጨመቀችበት። ነጭ ሽንኩርቱን በሙቀጫ ወቀጠች። የቃሪያውን ዘር ግማሹን አስቀርታ ግማሹን ጣለች። ሁሉን በአንድ ሰፊ ሳህን አገናኘችና እጇን ሰበሰበች።

«አለቀ?» አለች ሰሚሐ።

«እናቲቱ አለቀች። ልጆቿ ይቀራሉ።»

እትዬ ሸሪፋ ዓሣውን ትተው ቀረቡ። ኑሰይባ ከእናቲቱ እየቀነሰች በየሳህኑ አካፈለች። በመጀመሪያው ላይ በሶብላ ብቻ በተነች፤ ያ ዳጣው ራሱ ነው፣ ዓሣ ቤት የሚቀርበው። ለሁለተኛው ሦስት ቲማቲምና ሁለት ቃሪያ ከከሰሉ ላይ ጣለች፤ ልጣጫቸው ጠቁሮ ሲሰነጠቅ ልጣ ወቀጠቻቸውና ቀላቀለች፤ ጢስ ጢስ የሚል፣ ከአዝመራ ማሳ የመጣ የሚመስል ሽታ ወጣ። ለሦስተኛው ያልበሰለ፣ ጥሬም ያልሆነ ማንጎ አነሣች፤ ከመስኮቱ ዛፍ እትዬ ሸሪፋ ራሳቸው ያወረዱላትን። ለአራተኛው አቮካዶ። ለአምስተኛው፣ ለወንዶቹ፣ ሁለት ማንኪያ አዋዜ።

«ይቺ የምታቃጥለዋ» አለች ሰሚሐ፣ በአገጯ እየጠቆመች፣ «ለአማቴ ትቅረብ። ከዛሬ ጀምሮ ትልመድ።»

«አፍሽን ያዢ» አሉ እናቷ፤ ግን ሳቁ።

ይህን ማን አስተማረሽ ሲሉ ጠየቋት። እናቴ፣ አለች ኑሰይባ። በሕይወት አለች ወይ ሲሏት፣ የለችም አለች። ይህ እውነት ነበር። እውነት መናገር እንደዚህ እንደሚያሳርፍ ረስታው ነበር።

እትዬ ሸሪፋ «አላህ ይዘንላት» ብለው ወደ ዓሣው ተመለሱ። ከዚያም ቀስ ብለው፣ ለዓሣው የሚያወሩ ይመስል፣ ስለ አኒስ ጀመሩ። አግባ ሲባል ይስቃል፤ ያሳዩትን ሁሉ ይተዋል። ሰው ግን ከቆንጆ ፊት ይልቅ የማይቸኩል እጅ ቢያገባ ይሻለዋል።

«አንቺን የመሰለች» አሉ በመጨረሻ፣ «ብትገኝ እኔ እምቢ አልል ነበር።»

ሰሚሐ አፏን በትከሻዋ ሸፈነች።

ኑሰይባ አንገቷን ደፋች። ከስድብ ይልቅ ያ ቃል አስፈራት። ስድብ ቢሆን የራሷ ይሆን ነበር። ያ ደግነት ግን የወረታዋ ልጅ ድርሻ ነበር፤ ኑሰይባ በሰው ጋቢ ተሸፍና የምትሞቅ፣ ባለቤቱ ሲመጣ የምትገለጥ መሰላት።

*

እንግዶቹ መጡ። የመኪና በር ተዘጋ፤ ሰላምታው ከግቢው እስከ ሳሎን ረዘመ። የቤቱ አባት የሐጂ ጀላሉዲን ድምፅ ከሁሉ በላይ ይሰማ ነበር። አኒስ በግቢው ከሰል ያቀጣጥላል፤ አንድ ጊዜ በመስኮቱ አለፈ፣ አንድ ጊዜ አያት፣ አንድ ጊዜም አላያትም።

የሰሚሐ እጮኛ አክስት፣ እትዬ ውዴ፣ ከሳሎን ብዙ አልቆዩም። ልጅ የሚወስድ ወገን የቤቱን ማድ ቤት ሳያይ አይበላም፤ ሳሎን ለሁሉ ይዋባል፣ ማድ ቤት ግን አይዋሽም ይባላል። በፈገግታ ገቡ። ሴትዮዋ ደግ ፊት ነበራቸው። ዓሣውን አዩ፣ አሞገሱ፤ ከዚያ ሳህኖቹን አዩና ዳቦ ቆረሱ።

ከመጀመሪያው አጠቀሱ። ከሁለተኛው። የማንጎውን ሲቀምሱ እንደ ልጅ ሳቁ።

«ያ ረቢ፣ ይህ የማን እጅ ነው?»

እትዬ ሸሪፋ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ የቆዩ ነበሩ። ኑሰይባን ከትከሻዋ ይዘው በኩራት ወደ ፊት አቀረቧት።

«የአገራችሁ ልጅ ናት። የወረታ።»

«እንዴ!» እትዬ ውዴ ዳቦውን እንደ ያዙ ቀረብ ብለው ፊቷን መረመሩት፤ አፍንጫዋን፣ ግንባሯን፣ የሚያውቁትን ሰው ፊት ፍለጋ። «ወረታ የማን ልጅ ነሽ?»

ኑሰይባ አፏን ከፈተች። ከሰሉ ሲፈነዳ ከግቢው ተሰማ።

ከዚያ አኒስ ከበሩ ላይ ነበረ። መቼ እንደ መጣ አላየችውም። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አባቷ ሞቷል» አለ። «ከብዙ ጊዜ በፊት። አታውቁትም እትዬ ውዴ።»

አባቷ ሞቷል። ኑሰይባ ቃሉን ሰማችው፤ ከዚያም ደንገሉን፣ ጉልበቱን፣ ቆሮሶውን ሰላም በይልኝ ያለውን ድምፅ ሰማች። ያን ጊዜ የፈራችው ሁሉ፣ ከቤት መባረሩም፣ አኒስን ማጣቱም፣ ከዚህ ከአንዱ ቃል አነሰባት።

«አባቴ አልሞተም» አለች።

ወደ እትዬ ውዴ ዞረች።

«አብዱልበሲጥ ይባላል። ጣና ዳር ታንኳ ይሠራል። ጠዋት አነጋግሬው ነው የመጣሁ።» ቀና አለች። «ወረታን አላውቃትም። ነገደ ነን።»

እትዬ ውዴ ማኘክ አቆሙ። አፋቸው ውስጥ ያለውን መዋጥም መትፋትም ያልቻሉ ሰው ሆኑ። የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ከንፈራቸው አነሡ። በእጃቸው የቀረውን ቁራሽ ዳቦ ከጠረጴዛው ጠርዝ አኖሩት፤ በዝግታ፣ እንደሚሰበር ነገር።

«ሸሪፋ» አሉ፣ «ይህን ታውቂ ነበር?»

መልስ አልጠበቁም። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወጡ፤ የሳሎኑ በር ከኋላቸው ተዘጋ።

እትዬ ሸሪፋ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንተስ?»

«አውቅ ነበር።»

«ዓመት ሙሉ?»

«ዓመት ሙሉ፣ እማዬ። አብረን በላነው። አንቺም ጣቶችሽን ላስሽ።» አኒስ እጁን ከበሩ መቃን ላይ አሳረፈ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እሷ አልዋሸችም። ያፈርሁባት መስሏታል፤ ከጠዋት ጀምሮ ዐይኗ ላይ አየሁት። አላፈርሁም። ፈራሁ። ይህን ፊት ነው የፈራሁት፤ አሁን የማየውን፣ ያንቺን።»

ወደ ኑሰይባ ዞረ።

«አባትሽን በአፌ ገደልሁት። አፉ በይኝ። ብትዪኝም ባትዪኝም ግን ከአንቺ ሌላ አላገባም፤ ይህን እናቴ ፊት ነው የምናገረው።»

ልትመልስ ብትል ታለቅስ ነበር፤ በዚህ ቤት ደግሞ ማልቀስ አልፈለገችም። ዐይኑን ብቻ አየችው፤ በዚህ ጊዜ አልጣለውም። ጠዋት እፍረት ያለችው፣ እስካሁን ልቧን ሲያቆስለው የዋለው፣ እፍረት አልነበረም። የእሷው የራሷ ፍርሃት ነበር፤ በሌላ ሰው ዐይን ስላየችው አላወቀችውም።

«ውጣ» አሉት እናቱ። «ዓሣው እያረረ ነው። ሂድ ገልብጠው።»

ወጣ።

*

ኑሰይባ ሽርጧን ፈታች። ቢላዋዋን በጨርቅ ጠቀለለች። ሰሚሐ ከበርጩማዋ አልተነሣችም፤ የሒና እጇ አሁንም በአየር ላይ ነበር።

የሳሎኑ ሳቅ ቆሟል። ከግድግዳው ማዶ የሚሰማው የአንዲት ሴት ዝቅ ያለ ንግግር ብቻ ነበር፤ ቃሉ አይለይም፣ ግን ስለ ምን እንደ ሆነ ሦስቱም ያውቃሉ።

እትዬ ሸሪፋ ሳህኖቹን አዩ። በድሮው ልማድ የነገደ እጅ የነካው ዕቃ ወደ መደርደሪያ አይመለስም ነበር። እሳቸውም ያውቁታል፤ ኑሰይባም ታውቀዋለች። እትዬ ሸሪፋ የአቮካዶውን ሳህን አነሡ። ወደ ውሃ መድፊያው ሄዱ። ከዚያ ቆሙ።

ኑሰይባ ይህን ሳታይ መውጣት ፈለገች፤ እግሯ ግን እምቢ አላት። የሚደፋውን ድምፅ ጠበቀች። ለዘላለም በጆሮዋ የሚቀር ድምፅ መሆኑን ታውቃለች።

ድምፁ አልመጣም። ቀና ስትል የእትዬ ሸሪፋን ጀርባ አየች። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። መጀመሪያ ቁጣ መሰላት። ቀጥሎ መጸየፍ። ፊታቸውን ወደ እሷ ሲመልሱ ግን ሁለቱም አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ በገዛ ደረቷ ተሸክማው የዋለችው ፍርሃት ነበር። ወዲያው አወቀችው።

«ሰሚሐን ሊተዉብኝ ነው» አሉ። «ሰው ሁሉ ያወራል። ከገበያ እስከ መስጊድ።»

«ልሂድ እትዬ ሸሪፋ» አለች ኑሰይባ። «ሄዳለች በሏቸው። አላወቅንም በሏቸው፤ እውነትም አታውቁም ነበር።»

የመለሰችው ሰሚሐ ናት።

«እማ» አለች፣ ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ። «በዳጣ የሚተወኝ ሰው ነገ በሽንኩርት ይተወኛል። ዛሬ ይተወኝ።» ቀልዱ እስከ መጨረሻው አልደረሰላትም፤ እንባዋ ቀደማት፣ በሒና እጇም ልትጠርገው አልቻለችም። እናቷ በመዳፋቸው ጠረጉላት።

እትዬ ሸሪፋ በሳህኑ ላይ አጎንብሰው ቆዩ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ምን እንደሚሉ አይሰማም። ከዚያ ቢስሚላህ አሉ። ማንኪያ አልፈለጉም። ዳቦም አልቆረሱም። ጣታቸውን ከአቮካዶው ነክረው ወደ አፋቸው አገቡ፤ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ መድኃኒት እንደሚውጥ ልጅ።



«ጨው የለውም» አሉ እትዬ ሸሪፋ።

«አቤት?»

«ጨው ረስተሻል። እንግዳ ሲፈራ ምግብ ያበላሻል፤ የቤት ሰው ሲፈራ ግን ጨው ጨምሮ ይቀምሳል። ምን ትቆሚያለሽ? አምጪ።»

የጨው ዕቃውን አመጣች። ቆነጠረች፣ በተነች፣ አማሰለች። አሮጊቷ እንደገና ቀመሱ። በዚህ ጊዜ ዐይናቸው ክፍት ነበር።

«አሁን ሆነ።»

ሳህኖቹን በትልቁ ትሪ ላይ ደረደሩ፤ አምስቱንም። ኑሰይባ አሁን እንኳ ያልገባት ነበር፤ ትሪውን እሳቸው ይዘው የሚገቡ መስሏት ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች።

«ከዚያ ወገን ያዢው» አሏት። «ብቻዬን አልችልም።»

«እኔም ልግባ?»

«የማን ልጅ ነሽ ይሉሻል።»

«ምን ልበላቸው?»

እትዬ ሸሪፋ የሻሻቸውን ግንባር አስተካከሉ። የእሷንም አስተካከሉላት፤ ጣቶቻቸው ቀዝቃዛ ነበሩ።

«ያልሽውን ነዋ። እኔ አጠገብሽ ቆማለሁ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አላህ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም ልጄ።»

በግቢው በኩል አኒስ የዓሣውን ሳህን ይዞ መጣና ከበሩ ላይ ቆመ። ሁለቱን አየ። ሊገቡ ያሉበትን በር በክርኑ ገፍቶ ከፈተላቸው። በውስጥ ያሉት ፊቶች ሁሉ ወደ እነሱ ዞሩ።

ትሪው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከየትኛዋ እጅ እንደ ጀመረ አይታወቅም።